ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮችና ሊኑክስ፦ የድሬዳዋ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

የቤተሰባችንን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ (በነጻ ወደሚገኘው ሌላ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) የማዛወሩን ሥራ ዛሬ ጀመርኩ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከእኛ ማሽኖች አንዱንም አይቀበልም። ማሽኖቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ሲሆን፣ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋባይት ራምና 250 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። አባቴ የእድሩን መዝገብ የሚይዝበት ማሽን ነው። ሁለተኛው የእኅቴ ኤችፒ ላፕቶፕ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም አለው፤ ለትምህርቷ የምትጠቀምበት አንድ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስላለ ዊንዶውሱ እንዳይጠፋ አስጠንቅቃኛለች። ሦስተኛው ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖረው አክስቴ ኔትቡክ ሲሆን፣ ስለ እርሱ እስካሁን የማውቀው ትንሽና ነጭ መሆኑን ብቻ ነው።

ከሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት 22.1 የኤክስኤፍሲኢ ዕትም ነው። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው፤ ኤክስኤፍሲኢ ደግሞ ከሌሎቹ የሚንት ገጽታዎች ያነሰ ራም ይወስዳል። ፋይሉ 2.8 ጊጋባይት ያህል ስለሆነ በሌሊት ጥቅል ማውረድ ነበረብኝ። መጀመሪያ በብሮውዘር ጀመርኩት፤ 1.9 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደና ሁሉም ከዜሮ ተመለሰ። በሁለተኛው ሌሊት ካቆመበት መቀጠል በሚችል የማውረጃ ፕሮግራም አወረድኩት፤ ሁለት ጊዜ ቢቋረጥም ካቆመበት ቀጠለ። ከወረደ በኋላ ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያረጋግጠውን የኤስኤችኤ 256 ቁጥር አስልቼ ከተሰጠው ቁጥር ጋር አነጻጸርኩ፤ ገጠመ።

ግንቦት 6

64 ጊጋባይት ተብሎ በ550 ብር የገዛሁት ፍላሽ አታለለኝ። ፋይሉን ስጽፍበት አንድም የስሕተት መልእክት ሳይሰጥ ጨረሰ፤ ዴሉን ከፍላሹ ሳስነሳው ግን የሚንት ምልክት ከታየ በኋላ ማንበብ አልተቻለም የሚል መስመር ስክሪኑን ሞላው። የወረደውን ፋይል ጠርጥሬ ቁጥሩን እንደገና አሰላሁት፤ አሁንም ትክክል ነው። ቀጥዬ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሣውን በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም)፣ ከዚያም የዩኤስቢ ቀዳዳውን ጠረጠርኩ፤ በአራቱም ቀዳዳዎች ሞከርኩ። በመጨረሻ በእኅቴ ላፕቶፕ ላይ የፍላሽ አቅም በሚፈትሽ ፕሮግራም ብፈትሸው እውነተኛ አቅሙ 2 ጊጋባይት እንኳን የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ፍላሽ 64 ነኝ ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ከአቅሙ በላይ የሚጻፍበትን ደግሞ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሻጩ ፍላሹን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም። ሌላ ባለ 32 ጊጋባይት በ700 ብር ገዛሁ፤ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ በላፕቶፑ ፈተሽኩት። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም አልከለከለኝም።

ግንቦት 10፣ እሑድ

የዴሉ ተከላ። የአባቴን ሰነዶች ወደ ውጭ ዲስክ ከገለበጥኩ በኋላ ኤፍ12ን ተጭኜ ከፍላሽ አስነሳሁት። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነውን ምርጫ ወሰድኩ። ፋይል በመገልበጥ ላይ እያለ መብራት ሄደ። ቤት ውስጥ ያለን ስታቢላይዘር ነው፤ ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን እንጂ መጥፋትን እንደማይከላከል አውቃለሁ፤ አውቄም ጀመርኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ ላይ ዊንዶውስም ሚንትም አልነበረም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ በ35 ደቂቃ ተጠናቀቀ።

በ2 ጊጋባይት ራም ሚንቱ ራሱ በደንብ ይሠራል። ፋየርፎክስ ላይ አምስት ገጽ ሲከፈት ግን ዲስኩ ያለማቋረጥ መንጫጫት ይጀምራል፤ ራሙ አልቆ በራም ፋንታ ዲስኩ ላይ ወደሚያገለግለው ስዋፕ ፋይል እየጻፈ ነው ማለት ነው። ታይዋን ገበያ ሄጄ ሁለት ያገለገሉ ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራሞች እያንዳንዳቸውን በ900 ብር ገዛሁና ድምሩን 8 ጊጋባይት አደረስኩት። ከዚህ በኋላ ዲስኩ ዝም አለ።

ግንቦት 18

ሳምንቱን ሙሉ ዴሉ በራሱ ይጠፋል። አባቴ ዜና እያየ ሳለ፣ ቪዲዮው በተከፈተ በአሥር በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል። አባቴ አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ «ይኼ ነገር ከመብራቱ ነው ወይስ ከአንተ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ዴሉ ሲጠፋ የሳሎኑ አምፖል በርቶ ነበርና።

ለስሕተቱ መጀመሪያ የሰጠሁት ማብራሪያ የግራፊክስ ድራይቨር (ሲስተሙን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ችግር ነው የሚል ነበር። የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ወደ ሌላ ዕትም ለወጥኩ፤ ያው ነው። የብሮውዘሩን የቪዲዮ ማፋጠኛ አጠፋሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ያደረግሁትን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ሲስተሙን በሙሉ እንደገና ጫንኩት። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደ። እሑድ ጠዋት ቪዲዮ ስከፍት በ12ኛው ደቂቃ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሲስተም መዝገቡ የሄድኩት። ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን የሥራ ጊዜ መዝገብ ስከፍት የመጨረሻው መስመር ስለ ኢንተርኔት ግንኙነት የሚናገር ተራ መልእክት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሲስተሙ ራሱ ወስኖ የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ የመዝጋት ሂደቱ መስመር በመስመር ይመዘገብ ነበር። መዝገቡ በመሐል የተቆረጠ መሆኑ ማሽኑን የሚያጠፋው ከሶፍትዌሩ በታች ያለ ነገር መሆኑን ያመለክታል። የሙቀት ንባብ የሚያሳየውን ኤልኤም ሴንሰርስ ጭኜ ቪዲዮ እየከፈትኩ በየደቂቃው ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ያለ ሥራ 74 ዲግሪ፣ በአምስተኛው ደቂቃ 91፣ በዘጠነኛው 98፣ ቀጥሎ ጨለማ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ኃይሉን ይቆርጣል፤ ለማንም አያሳውቅም።

በዚህ ወቅት የሳሎናችን የክፍል ሙቀት ከቀትር በኋላ 36 ዲግሪ ይደርሳል። ለአባቴ ይህን ስነግረው ዊንዶውስ እያለም ባለፈው ዓመት በጋ በዚሁ ሁኔታ ይጠፋ እንደነበር ነገረኝ። ይህን ግንቦት 10 ላይ ብጠይቀው ኖሮ ከርነል አልቀይርም፣ ሲስተምም ደግሜ አልጭንም ነበር።

ግንቦት 24፣ እሑድ

የዴሉን ክዳን ከፈትኩ። በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ያለው አቧራ እንደ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጣት ሲነሣ አንድ ላይ ይነሣል። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ በሚነሣበት ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ያ ደቃቅ አሸዋና ብናኝ ማረፊያው እዚህ ነበር። በቀለም ብሩሽ ሞከርኩ፤ ከክንፎቹ ውስጠኛ ክፍል አልወጣም። ስለዚህ ሲስተም ዩኒቱን በባጃጅ ጭኜ ሰፈራችን ያለ ጎሚስታ ቤት ወሰድኩ፤ በኮምፕረሰሩ እንዲነፋልኝ 40 ብር ከፈልኩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። የኮምፕረሰር ታንክ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ አየሩ መጀመሪያ ወደ ጨርቅ ተነፍቶ እርጥበት አለመኖሩ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ የፋኑ ክንፍ በጣት ተይዞ ካልቆመ በኮምፕረሰር አየር ከመጠን በላይ ፈጥኖ ይሽከረከርና ይበላሻል። የመጀመሪያውን አደረግሁ፤ ሁለተኛውን ግን ያወቅሁት የኋላው ፋን እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ካሰማ በኋላ ነው። ፋኑ አልተሰበረም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሲነሣ ትንሽ ያጉረመርማል።

ማቀዝቀዣውን ከፕሮሰሰሩ ሳላቅቀው በመካከላቸው ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ከመድኃኒት ቤት በገዛሁት አልኮል ጠርጌ፣ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐል ላይ አድርጌ መልሼ ገጠምኩ። ፔስቱ 200 ብር ነው። ውጤቱ ያለ ሥራ 49 ዲግሪ፣ ከአንድ ሰዓት ቪዲዮ በኋላ 66 ዲግሪ። ከዚህ በኋላ በሙቀት ምክንያት አንድም ጊዜ አልጠፋም።

ሰኔ 4

ዴሉ ሲነሣ ሰዓቱ እንዳልተሞላ እየተናገረ ኤፍ1 እንድጫን ይጠይቃል። ከተነሣ በኋላ ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን ሁሉ አስተማማኝ አይደሉም ይላል፤ ሶፍትዌር ማዘመኛውም የፓኬጅ (የሚጫኑ ፕሮግራሞች) ዝርዝሩ ገና ጊዜው አልደረሰም የሚል እንግዳ መልእክት ያወጣል። መንስኤው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ ናት። ባትሪዋ ስላለቀች፣ ስታቢላይዘሩ ሌሊት በተዘጋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ የዛሬው የደኅንነት ሰርተፍኬትም ሆነ የዛሬው የፓኬጅ ዝርዝር ለኮምፒውተሩ የወደፊት ነገር ነው። ሚንት ሰዓቱን ከኢንተርኔት ማስተካከል ነበረበት፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ሰዓቱን በእጄ ሳስተካክል ያንን ምርጫ ያጠፋሁት እኔው ነበርኩ። ሲአር2032 የተባለችውን ባትሪ በ100 ብር ቀየርኩ፤ ምርጫውንም መለስኩት።

በዚያው ቀን ማታ ማዘመኛው እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሚንቱ ተነሣ፤ ምንም ፓኬጅ ግን አልጭንም አለ። ዲፒኬጂ የተባለው መሣሪያ በመሐል የተቋረጡ ፓኬጆችን ሁሉ ማዋቀር እንዲጨርስ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ሲታዘዝ በአራት ደቂቃ አስተካከለው። ትእዛዙን ወረቀት ላይ ጽፌ ኬዙ ጎን ላይ ለጠፍኩት፤ እስከ ነሐሴ ድረስ አምስት ጊዜ አስፈልጎኛል።

ሰኔ 15፣ እሑድ

የእኅቴ ላፕቶፕ። ይህኛው ከዴሉ ይልቅ አዲስ ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር።

በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ 120 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ካስለቀቅሁ በኋላ ኤፍ9ን ተጭኜ ከፍላሽ አስነሳሁት፤ ሚንቱ ከዊንዶውሱ ጎን ያለ ችግር ተጫነ። ችግሮቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው፣ ከሚንት ሆኖ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ማንበብ እንጂ መጻፍ አለመቻሉ ነው። ዊንዶውስ በፈጣን ማስነሻ ዘዴው ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ ከርነሉን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ይሄዳል፤ ሊኑክስም የተኛ ፓርቲሽን ላይ መጻፍ አደገኛ መሆኑን አውቆ እምቢ ይላል። በዊንዶውሱ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ፈጣን ማስነሻውን አጠፋሁና ተፈታ።

ሁለተኛው ዋይፋይ ነው፤ ጨርሶ የለም። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ካርድ ብሮድኮም 43142 ሲሆን፣ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ስለማይመጣ ለብቻው መጫን አለበት። ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ የሞባይል ዳታውን በገመዱ እንዲያጋራ አደረግሁ፤ ሚንቱ ወዲያው እንደ ኔትወርክ ገመድ ተቀበለው። ድራይቨር ማናጀሩን ከፍቼ የብሮድኮሙን ድራይቨር ጫንኩ። በመሐል የይለፍ ቃል እንዳወጣ ጠየቀኝ፤ ምክንያቱን ሳላነብ አንድ ቃል ሰጠሁት። ሪስታርት ሳደርግ ሰማያዊ ስክሪን መጣና ስለ ቁልፍ ምዝገባ ጠየቀ። እኅቴ ከትከሻዬ በላይ እያየች ስለነበር፣ ሰማያዊ ስክሪን ደግሞ በቤታችን ክፉ ስም ስላለው፣ ፈጥኜ ማስነሣቱን ቀጥል የሚለውን መረጥኩ። ዋይፋዩ አልመጣም። ድራይቨሩን አራግፌ ደግሜ ጫንኩት፤ አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ሴኪዩር ቡት ክፍት ነው፤ ሴኪዩር ቡት ሲከፈት ከርነሉ በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም። የብሮድኮሙ ድራይቨር እዚሁ ማሽን ላይ ተሠርቶ በዚሁ ማሽን ቁልፍ ስለሚፈረም፣ ያ ሰማያዊ ስክሪን «ይህን ቁልፍ ልመዝግበው?» የሚለው ብቸኛ ጥያቄ ነበር። ስክሪኑ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቆ ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ጥያቄው አይደገምም። የከርነል መልእክቶቹን ሳነብ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚለው መስመር ተደጋግሞ ተጽፎ አገኘሁት። ምዝገባውን ከተርሚናል እንደገና አዘዝኩ፤ በቀጣዩ ማስነሻ ቁልፍ መዝግብ የሚለውን መርጬ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፤ ዋይፋዩም መጣ። ሴኪዩር ቡትን ባዮስ ውስጥ ገብቶ መዝጋትም ይቻል ነበር፤ ዊንዶውሱ ግን አብሮ ስላለ መንካቱን አልወደድኩም።

ሰኔ 29

የእኅቴ ላፕቶፕ ሌላ ጉድ አወጣ። ከሚንት ወጥታ ዊንዶውስ ስትከፍት ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚያስቀምጠው የግሪንዊችን ጊዜ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያገኘውን ቁጥር የአገር ውስጥ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ የኢትዮጵያ ልዩነት ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ስለሆነ ስሕተቱም በትክክል ሦስት ሰዓት ነው። ችግሩ ለሁለት ሳምንት ሳይታወቅ የቆየው በእኛው የሰዓት አቆጣጠር ምክንያት ይመስለኛል፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየውንና እኛ የምንለውን ሁልጊዜ በስድስት እያስታረቅን ስለምንኖር፣ ቁጥሩ አልገጥም ሲል ጥፋቱን ወደ ራሳችን ስሌት እንወስደዋለን። እኅቴ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መግባት የነበረበትን የቤት ሥራ ገና ሦስት ሰዓት ቀርቶኛል ብላ ተቀምጣ አሳለፈችው። ሚንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ አስተካከልኩ። ይቅርታዋን ለማግኘት ከትእዛዙ የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

አማርኛ መጻፍ። ሚንት የግእዝ ፊደል ማሳየት ላይ ችግር የለበትም፤ ለመጻፍ ግን አይባስ የተባለውን የጽሕፈት ሥርዓትና የኤም17ኤን ፓኬጁን ለብቻ መጫን ያስፈልጋል። ከተጫነ በኋላ ሴራ የሚባለውን የአማርኛ ዘዴ ጨምሬ ወጥቼ ገባሁ፤ ካልወጡና ካልገቡ አይሠራም። ሴራ በድምፅ የሚጻፍበት ስለሆነ አባቴ ከለመደው ብዙ አይርቅም። ካፒታል ኤች ሐን፣ ካፒታል ኤስ ጸን፣ ካፒታል ቲ ጠን ይሰጣል፤ ሠ፣ ኀ እና ፀ ደግሞ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችው ቁልፍ አስቀድማ ስትነካ ይመጣሉ።

ከባዱ የአባቴ የድሮ ሰነዶች ናቸው። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብና የ12 ዓመት የመዋጮ ዝርዝር የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውጭ በሆነ የድሮ ፎንት ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ዕትም ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ግእዙን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ በእነርሱ መጻፍም ለብዙ ዓመት ቀጥሏል። ፎንቱ ከሌለ «አባል» የሚለው ቃል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ድሪቶ ሆኖ ይታያል። ግንቦት 10 ላይ የሰነዶቹን ማኅደር ገልብጬ ዊንዶውሱን ሳጠፋ የፎንቶቹን ማኅደር አልገለበጥኩም ነበር። ይህ ከእስካሁኖቹ ስሕተቶቼ ሁሉ ያስደነገጠኝ ነው፤ አባቴ ሰነዱ ተከፍቶ ሲያየው ምንም አልተናገረም፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ፎንቱን ያገኘሁት በመጋላ ሰፈር አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ባለቤቷ እስከ ዛሬ በዚያው ፎንት ማመልከቻ ትጽፋለች። የፎንት ፋይሎቹን በቤት ማኅደሬ (የራሴ ፋይሎች በሚቀመጡበት) ውስጥ ባለው የፎንቶች ቦታ አስቀምጬ ዝርዝሩን ሳድስ ሊብረ ኦፊስ ሰነዶቹን በትክክል አሳየ። አንድ ወጥመድ ግን ነበረው። ሊብረ ኦፊስ የዓረፍተ ነገርን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ካፒታል የመቀየር ልማድ አለው፤ በድሮው ፎንት ደግሞ ካፒታሉ ቦታ ላይ የተቀመጠው ሌላ የግእዝ ፊደል ስለሆነ፣ አባቴ የጻፈው ስም ከፊት ለፊቱ ይለወጥበታል። ራስ አራሚውን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። የድሮዎቹን ሁሉ ወደ ፒዲኤፍ አስቀመጥኩ፤ በሥራ ላይ ያለውን የ86 አባላት ዝርዝር ግን እኔና እኅቴ በዩኒኮድ እንደገና ጻፍነው። አሁን ስም መፈለግም ሆነ ዝርዝሩን ወደ ስልክ መላክ ይቻላል፤ አባቴ ይህኛውን ወደደው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሐረር። የሚንቱን ፍላሽ ይዤ ጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ፤ ደንገጎን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። አክስቴ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ አቅርባ ኔትቡኩን ከሳጥን አወጣችልኝ። ፍላሹን ሰክቼ ሳስነሳው ይህ ከርነል 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ ያገኘሁት ግን 32 ቢት ነው የሚል አንድ መስመር ብቻ ወጥቶ ቆመ። ፕሮሰሰሩ አተም ኤን270 ነው፤ 32 ቢት ብቻ። ስልክ ደውዬ የማሽኑን ሞዴል ብጠይቅ ኖሮ ይህ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር። አክስቴ፣ «ሆጃው ሳይቀዘቅዝ ጨረስህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። አዎ አልኩ፤ ኔትቡኩን ይዤ ወደ ድሬ ተመለስኩ።

ኡቡንቱና በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሚንት 32 ቢትን ከተዉ ቆይተዋል። የጫንኩት ዴቢያን 12ን ከኤልኤክስዲኢ ጋር ነው። ዴቢያን 12ን የመረጥኩት ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ ጫኝ ስለሌለው ነው። 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው በራም ውስጥ የሚጨመቅ ስዋፕ አከልኩበት። ብሮውዘር ላይ አንድ ገጽ ይችላል፤ ሁለተኛው ሲከፈት ይንገዳገዳል። አክስቴ የምትፈልገው ደብዳቤ መጻፍና በፍላሽ የሚመጣ መንዙማ ማዳመጥ ስለሆነ ይበቃታል።

ከዚህ ያገኘሁት ያልጠበቅሁት ነገር የሙቀት ልዩነቱ ነው። ያው ኔትቡክ፣ ያው ዘፈን ማጫወቻ፣ ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ ላይ 71 ዲግሪ ነበር፤ በሳምንቱ መልሼ ሳደርሰው ሐረር ላይ በዚያው ሰዓት 60 አነበብኩ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት።

ነሐሴ 18

ዴሉ ዛሬ ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ቆመ። ፋይል ሲስተሙ ስለተዛባ በእጅ እንዲፈተሽ ይጠይቃል። ኤፍኤስሲኬ የተባለውን ፈታሽ ሁሉንም እንዲያርም አዝዤ አሠራሁት፤ ተነሣ። በዚህ ሳምንት ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለት ጊዜ የመብራቱ ጥፋት ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ ከሦስተኛው በፊት በነበረው ሌሊት ግን መብራት አልሄደም። ኤክስት4 የተባለው የሚንት ፋይል ሲስተም ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስላለው ድንገተኛ መጥፋትን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያርማል፤ በየሁለት ቀኑ መዛባቱ ልክ አልነበረም። የዲስኩን የጤና ንባብ በስማርት መሣሪያው ሳይ 48 ሴክተሮች (የዲስኩ ጥቃቅን ክፍሎች) መነበብ አቅቷቸው በጥርጣሬ ተይዘዋል። በማግስቱ 61 ሆኑ።

256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) በ4,200 ብር ገዛሁ። አሮጌውን ዲስክ ወደ አዲሱ ከመቅዳት ይልቅ ሚንቱን እንደ አዲስ ጭኜ የቤት ማኅደሩን ብቻ ገለበጥኩ፤ ሦስት ፎቶዎች አልተነበቡም፤ የእድሩ ሰነድ በሙሉ ድኗል። የሲስተሙን ቅጂ የሚይዘውን ታይምሺፍትንም አዋቀርኩ፤ ታይምሺፍት በነባሪ ሲስተሙን እንጂ የቤት ማኅደርን ስለማይዝ የአባቴ ሰነዶች በየእሑዱ ወደ ውጭ ዲስክ ለብቻቸው ይገለበጣሉ። ማሽኑ ከበራበት እስከ መግቢያ ስክሪኑ 70 ሰከንድ ይወስድ የነበረው አሁን 19 ሆኗል።

ጎረቤታችን ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ነበራቸው፤ ሰጡን። አዲስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በ2,600 ብር ገዛሁለት። ለዴሉና ለስክሪኑ 11 ደቂቃ ይይዛል፤ ማሽኑን በሥርዓቱ ለመዝጋት ይበቃል። ይህን በሚያዝያ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ማስታወሻ አንድ ሦስተኛው አይጻፍም ነበር።

መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ

ወጪውን ደመርኩ። ሁለቱ ፍላሾች 1,250፣ ራም 1,800፣ ኤስኤስዲ 4,200፣ የዩፒኤስ ባትሪ 2,600፣ የሐረር ሁለት ደርሶ መልስ 600፣ የዳታ ጥቅል 900፣ የሰዓት ባትሪ፣ ፔስትና ጎሚስታ 340፤ በድምሩ 11,690 ብር። ለሶፍትዌር የተከፈለ የለም።

የቀረኝ ፕሪንተሩ ነው። የአባቴ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 በሚንት ይታወቃል፤ ወረቀት ግን አያወጣም ነበር። ኤችፒኤልአይፒ ከተባለው ድራይቨር በተጨማሪ ራሱን የቻለ ፕለጊን ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልገዋል፤ ከወረደ በኋላ የእድሩን ዝርዝር አተመ። አሁን የሚያስቸግረው ሦስተኛውን ገጽ ከአራተኛው ጋር አንድ ላይ መሳቡ ነው፤ የወረቀት መሳቢያ ጎማው ያለቀ ይመስለኛል፤ ነገ አወጣዋለሁ።

ዩፒኤሱን የሰጡን ጎረቤታችን ዛሬ ከሰዓት በኋላ የራሳቸውን ሲስተም ዩኒት ተሸክመው መጡ። «አቦ፣ እኔም ዘንድ አንድ አለ፤ ዊንዶውሱ ሊያልቅ ነው አሉ፤ ያንን የአንተን ነገር ጫንልኝ» አሉኝ። ፍላሹን ትቼ ስክሪውድራይቨር ፈለግሁ። የማቀዝቀዣው ክንፎች ሙሉ በሙሉ ተዘግተዋል፤ የሰዓት ባትሪዋ 1.9 ቮልት ታነባለች፤ የዲስኩ ንባብ ደኅና ነው። ሰኞ ጠዋት ጎሚስታ ቤት ይነፋል።